ጅማት የለበሰ ደጋን ወይስ ባዶ እንጨት? ለሠሪው የንጽጽር መመሪያ

የእንጨት ደጋን ለመሥራት የተነሣ ሰው ውሎ አድሮ «ጀርባውን ጅማት ላልብሰው ወይስ ይቅር?» ማለቱ አይቀርም። መልሱን የሚሰጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ደጋኑ ምን ያህል እንደሚረዝምና የሚኖርበት አገር አየር ምን ያህል እርጥበት እንዳለው። በረጅም ደጋን ላይ ጅማት ትርፍ ሸክም ነው፣ በእርጥብ አየር ደግሞ ጣጣ ነው። ደጋኑ አጭር፣ አገሩም ደረቅ ሲሆን ግን የሚስተካከለው የለም። የእንጨቱ፣ የሙጫውና የጅማቱ ዓይነት ምርጫ የሚመጣው ይህ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

በስሙ እንግባባ። ወደ ዒላማው የሚዞረውን ፊት ጀርባ፣ ወደ ተኳሹ የሚዞረውን ሆድ፣ ከመያዣው በላይና በታች ያሉትን ደግሞ ክንፍ እንላለን። ገመዱን እንደ ክራሩ አውታር እንለዋለን። ጅማት የምንለውም ወጌሻ የሚያሸውን ሁሉ ሳይሆን ጡንቻን ከአጥንት የሚያስረውን ነጭ፣ ጠንካራ ገመድ ብቻ ነው።

ጅማት የሚሠራውና የማይሠራው

ደጋን ሲሳብ ጀርባው ይለጠጣል፣ ሆዱ ይጨመቃል። እንጨት ከርዝመቱ 1 በመቶ ገደማ ከተለጠጠ መሰንጠቅ ይጀምራል። ጅማት ግን ወደ 10 በመቶ እስኪጠጋ ሳይበጠስ ይለጠጣል። ስለዚህ በደንብ የተለጠፈ ጅማት ያለው ጀርባ አይሰበርም ማለት ይቻላል፤ ጭንቀቱ ሁሉ ወደ ሆዱ ይዞራል። ሁለተኛው ጥቅሙ ሲደርቅ መኮማተሩ ነው። እየተኮማተረ ክንፎቹን ወደ ጀርባው ይቀለብሳቸዋል፣ አውታር ሲታሰርም ደጋኑ ገና ሳይሳብ የተወጠረ ይሆናል።

የማይሠራውን ማወቅ ይበልጥ ይጠቅማል። አንዱ ክንፉ ጠንካራ፣ ሌላው ልፍስፍስ የሆነን ደጋን ጅማት አያስተካክለውም፤ ጉድለቱን ሸፍኖ ያቆየዋል እንጂ። ሆዱ ላይ ያለ የበሰበሰ ጉጥንም አያድንም። መጀመሪያ ባዶውን እንጨት እኩል እንዲጎብጥ አድርጎ መቅረጽ፣ ከዚያ ማልበስ ነው ደንቡ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ባዶ የእንጨት ደጋን ፍላጻው ከሚሳብበት ርዝመት እጥፍ ሆኖ ከዚያ ላይ ሌላ 20 በመቶ ገደማ ቢጨመርበት ዕድሜ ይኖረዋል። 71 ሳ.ሜ. ለሚስብ ሰው 170 ሳ.ሜ. አካባቢ ማለት ነው። ለዚያው ሰው ጅማት የለበሰ ከ130 እስከ 140 ሳ.ሜ. ይበቃዋል። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች በዚህ የተካኑ ነበሩ። በሜዳማው ምድር በፈረስ ላይ ሆነው ጎሽ የሚያድኑት ከ110 እስከ 120 ሳ.ሜ. የሚሆን ደጋን ይይዙ ነበር፤ ረጅም ደጋን ከፈረሱ አንገት ጋር ይጋጫል። በ1911 ካሊፎርኒያ ውስጥ በኦሮቪል ከተማ ብቅ ያለው የያሂ ሕዝብ ሰው ኢሺ ይሠራው የነበረው ደግሞ 107 ሳ.ሜ. ገደማ የሚረዝም፣ ሰፋ ጠፍጠፍ ያለ፣ በጅማት የለበሰ የጥድ ደጋን ነው። ወደ 64 ሳ.ሜ. ይስበዋል፤ ኃይሉም 45 ፓውንድ፣ ማለትም 20 ኪሎ ገደማ ነበር። ባዶ ጥድ በዚህ ርዝመት እንዲህ ቢሳብ ይሰበራል።

እንግዲህ ደጋናችሁ ከ160 ሳ.ሜ. በላይ ከሆነ ጅማቱን ተዉት። ጫፉ ላይ የምትጨምሩት እያንዳንዱ ግራም ፍላጻውን ከሚገፋው ፍጥነት ላይ ይቀነሳል።

ከጅማት ውጭ ያሉት ሁለት ልብሶች

ስጋታችሁ የጀርባው ስንጥር ተነሥቶ እንዳይሰበር ብቻ ከሆነ ጥሬ ቆዳ ይበቃል። ለከበሮና ለጠፍር አልጋ የሚሆነው ያልለፋ ቆዳ ማለታችን ነው፤ ከሁሉ የሚመቸው ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር ድረስ የተፋቀ የፍየል ብራና ነው። በአንድ ቀን ይለጠፋል፣ በሳምንት ይደርቃል። ኃይል አይጨምርም፤ ሥራው ስንጥሩን ይዞ ማቆየት ብቻ ነው። ወፍራም የበሬ ቆዳ ከተጠቀማችሁ ግን ጫፎቹ ይከብዱና ደጋኑ ይዘገያል።

ሁለተኛው ሂከሪ ከተባለው የሰሜን አሜሪካ ዛፍ ወይም ከቀርከሃ የተቆረጠ ቀጭን ዝርግ በኮላ መለጠፍ ነው። ከ3 እስከ 4 ሚ.ሜ. ይበቃል። እርጥብ አገር ላይ ያለ ሰው ጠንካራ ጀርባ ከፈለገ ትክክለኛው ምርጫው ይህ ነው፤ እርጥበት ከጅማት ያነሰ ይጎዳዋል፣ ሥራውም ከሳምንት አያልፍም። ነገር ግን ደጋኑን እንደ ጅማት አያሳጥርላችሁም።

ስለ አየሩ

ጅማትና የቆዳ ሙጫ ሁለቱም ውሃ ይጠጣሉ። የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ባለበት ደጋኑ ጤነኛ ነው። ለሳምንታት ከ70 በላይ ሲቆይ ኃይሉ ይወርዳል፣ ያገኘው ቅልባሽም እየላላ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ተመራጭ ጊዜ ነው። በሐምሌ መለጠፍ ግን ሙጫውን ለሻጋታ መገበር ነው። ሪያድ ያለ ሰው ጅዳ ካለው፣ ቤርሼባ ያለው ቴል አቪቭ ካለው ይሻለዋል። ዴንቨር ለጅማት የተፈጠረ አገር ነው። የዋሽንግተን ዲሲ ሞቃት ወራት በተቃራኒው እርጥብ ስለሆኑ ያስቸግራሉ፤ እዚያ በጥቅምት ለጥፎ ማሞቂያ በሚሠራበት ቤት የብርዱን ወራት ማድረቅ ያዋጣል። ርካሽ፣ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝቶ ደጋኑ በሚንጠለጠልበት ክፍል ማኖር ከግምት ያወጣል።

እንጨት

ጀርባውን ጅማት ከተረከበ ከእንጨቱ የምትፈልጉት መጨመቅን መቻል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ጠንካራ ነው የተባለውን እንጨት ሁሉ ያመጣል።

ኦሴጅ ኦሬንጅ የተባለው የሰሜን አሜሪካ ዛፍ ከሁሉ ይቀድማል። ከባድና ቢጫ ነው፣ ሲጨመቅ አይሸነፍም፣ ክንፉም ጠባብ (3 ሳ.ሜ.) ቢሆን ይችላል። ችግሩ ቀጥ ያለ ግንድ አለመገኘቱና ቅባታም መሆኑ ነው። ዩው የተባለው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ዛፍ ቀላልና ፈጣን ነው፣ ግን ውድ ነው። የሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ጥድ ደግሞ ጉጥ የበዛበት ስለሆነ ባዶውን አይታመንም። መጨመቅን ስለሚችል ግን ጅማት ሲለብስ ሌላ እንጨት ይሆናል፤ ክንፉን ከ4.5 እስከ 5 ሳ.ሜ. አስፍቶ፣ ስስ አድርጎ መሥራት ነው። የእኛ ጥድ ዘመዱ ነው እንጂ ራሱ አይደለም፤ በግምት ሳይሆን በፈተና ይመረጥ።

ሂከሪ የተገላቢጦሽ ነው። መለጠጥን ከሁሉ በላይ ይችላል፣ ሲጨመቅ ግን ጎብጦ ይቀራል። ጅማት የሚያመጣውን ጥንካሬ ቀድሞውኑ ስለያዘው ጅማቱ ይባክናል። አሽና ሜፕል የተባሉት የውጭ አገር ዛፎች መሐል ላይ ናቸው፤ ሰፋ ካሉ ያገለግላሉ።

ስሙን የማታውቁት እንጨት ካጋጠማችሁ 60 ሳ.ሜ. ርዝመትና 1 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ደረቅ ዝርግ ቁረጡ። ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ መሐሉን በጉልበት ላይ ቀስ እያላችሁ አጉብጡት፣ ለግማሽ ደቂቃ ያዙት፣ ልቀቁት። ቀጥ ብሎ ከተመለሰ ሆዱ ታማኝ ነው። ጎብጦ ከቀረ፣ ወይም በውስጥ በኩል እንደ ፀጉር የቀጠነ አግድም መጨማደድ ከታየ ለጅማት አይሆንም። በውጭ በኩል ስንጥር ቢነሣ ግን አትጣሉት፤ ያንን ጅማቱ ይይዘዋል። ጅማት የሚለብስ እንጨት ጀርባው አንዲት የዓመት ቀለበት ተከትሎ ባይጠረብም ይታለፋል። ባዶ ደጋን ላይ ይህ ይቅር አይባልም።

የእግር ጅማት ወይስ የጀርባ ጅማት

የእግሩ ከተረከዝ ወደ ላይ የሚወጣው ወፍራም ገመድ ነው። የአጋዘን ከ20 እስከ 30 ሳ.ሜ. ይረዝማል፤ የበሬው ርዝመቱ ከዚያ ብዙ አይበልጥም፣ ውፍረቱ ግን ያታክታል። የጀርባው ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ እንደ ሪባን የተለጠፈው ነው። 50 ሳ.ሜ. ሊደርስ ይችላል፣ በእጅ ይሰነጠቃል፣ መደብደብም አያሻውም። ሥራ ያቀልልኛል ብላችሁ በጀርባው ጅማት ብቻ አታልብሱ፤ ከአንድ እንስሳ የሚገኘው ጥቂት ነው፣ ለአውታርና ጫፍ ለመጠምጠሚያም ከእሱ የሚሻል የለም። የእግሩን ለልብስ፣ የጀርባውን ለክር አድርጉት።

ለ120 ሳ.ሜ. ደጋን የተፈለቀቀ ደረቅ ጭረት (ከጅማቱ የሚወጣው ቀጭን ክር) ከ100 እስከ 120 ግራም ይፈጃል። ብክነቱን አስባችሁ 150 ግራም አዘጋጁ። አገር ቤት ቄራም ሆነ ሰፈር ያለ ሉካንዳ የበሬ እግር አይቸግርም፤ ውጭ አገር የእስያ ገበያዎች በረዶ ያደረጉትን የበሬ ጅማት ለሾርባ ይሸጣሉ። ጥሬ መሆኑን አረጋግጡ። የተቀቀለ ጅማት ሙጫ ነው እንጂ ጅማት አይደለም። በዕደ ጥበብ ሱቅ «ሰው ሠራሽ ጅማት» ተብሎ የሚሸጠውም ሰም የተቀባ የናይለን ወይም የፖሊስተር ክር ነው፤ ሙጫ አይጠጣም፣ አይኮማተርም፣ ለጀርባ ልብስ አይሆንም።

አፈታቱ እንዲህ ነው። ሥጋውንና ሽፋኑን በቢላዋ ገፋችሁ፣ አየር በሚገባበት ጥላ ላይ ሰቅላችሁ እንደ ቀንድ እስኪጠነክርና ብርሃን እስኪያሳልፍ አድርቁት፤ የበሬው ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ በለስላሳ ድንጋይ ወይም በግንድ ላይ አጋድማችሁ ፊቱ ክብ በሆነ መዶሻ ምቱት። ጠርዝ ያለው መዶሻ ጭረቱን ይቆርጠዋል። በመጀመሪያ ምንም የማይሆን ይመስላል፤ ቆይቶ ቢጫው ድንጋይ መሳይ ነገር እየነጣ ይሄድና በድንገት እንደ ቃጫ ይበተናል። ያኔ ከጫፉ ይዛችሁ በጣት ፈልቅቁት። እንደ ስፌት ክር እስኪቀጥን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ማቅጠን ድካም ነው። ረጅሙን ከአጭሩ ለይታችሁ፣ ሲላላ የእርሳስ ውፍረት የሚያህል እየሆነ እሰሩት። ለአንድ ንብርብር ከ30 እስከ 40 እስር ይሄዳል። በመጨረሻ ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ሳሙና ጨምራችሁ ስቡን እጠቡት፣ ሳሙናው እስኪለቅ አለቅልቁት። ብዙ ልብስ ተገንጥሎ የሚወድቀው እዚህ በተተወ ስብ ምክንያት ነው።

ሙጫ

የቆዳ ሙጫ ለመጀመሪያ ሥራ ሁነኛው ነው። ርካሽ ነው፣ ከጅማቱ ጋር አብሮ ይኮማተራል፣ ሲበላሽም በሞቀ ውሃ ይፈታል። 100 ግራም ደረቅ ሙጫ በ250 ግራም ቀዝቃዛ ውሃ አሳድሩት። ጠዋት ዕቃውን ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጣችሁ በ60 ዲግሪ አሙቁት። 65ን አታሳልፉት፤ ከፈላ ጉልበቱ ያልቃል። ውፍረቱ ከማር ቀጠን፣ ከወተት ወፈር ያለ ይሁን። ከገበያ የሚገዛ ንጹሕ የምግብ ጄላቲንም ያው የቆዳ ሙጫ ዘር ነውና በዚሁ መጠን ይሠራል።

የዓሣ ሙጫ፣ በተለይ ከዓሣ የአየር ከረጢት የሚወጣው፣ ይበልጥ ይለጠጣል፤ ቶሎ ስለማይረጋም የማረሚያ ጊዜ ይሰጣል። በጣም አጭርና ብዙ ለሚጎብጥ ደጋን ዋጋው ይገባዋል። ኢሺ የሳልሞን ቆዳ ቀቅሎ ነበር ሙጫውን የሚያወጣው።

በጠርሙስ የሚመጣው ፈሳሽ የቆዳ ሙጫ ይቅርባችሁ። እንዳይረጋ የተጨመረበት ነገር እርጥበት ሲመጣ ያላላዋል። የአናጢ ነጭ ኮላ ይይዛል፣ በእርጥበትም ይሻላል፣ ግን አይኮማተርምና ደጋኑን አይቀለብስም፤ ሲነሣም ማሞቅ አያድነውም። ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሰው ሠራሽ ሙጫ) እርጥብ ጅማት ላይ አይይዝም።

አለባበሱ

እንጨቱ ደረቅ ሆኖ፣ ከታሰበው ጉብጠት ግማሽ ያህል እኩል እንዲጎብጥ ተቀርጾ ይምጣ። ጀርባውን በሰጌቶ ምላጭ ጥርስ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቁመቱ ጫሩት። ኦሴጅ፣ ዩውና ጥድ ቅባት ስላላቸው በአመድ ውሃ ወይም ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ እጠቡ፣ በፈላ ውሃ አለቅልቁ፣ ይድረቅ። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት። ሙጫውን ውሃ እስኪመስል አቅጥናችሁ ሦስት ጊዜ ቀቡት፤ በየመሐሉ ይድረቅ። ከዚያ መሐሉን ሞርሳ ላይ አስራችሁ ጫፎቹን ከ3 እስከ 5 ሳ.ሜ. ወደ ጀርባው ወጥሯቸው። በኋላ ጅማቱ ሲደርቅ ይጨምርበታል።

ክፍሉ ሞቃት ይሁን፤ 25 ዲግሪ ገደማ። በቀዝቃዛ ክፍል ሙጫው ጅማቱ ውስጥ ሳይገባ ይረጋል፤ ከላይ ያማረ፣ ከሥር ባዶ ይሆናል። አንዱን እስር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጨምቁት፣ ሙጫው ውስጥ አጥልቁት፣ በሁለት ጣት መሐል አሳልፋችሁ ትርፉን አውጡ። ሲወጣ እንደ ረጠበ የሪባን ዝርግ መሆን አለበት። ከመያዣው መሐል ጀምራችሁ ወደ ጫፍ ሂዱ። የሚቀጥለው እስር ጫፍ ከጎኑ ካለው ጫፍ ጋር አንድ መስመር ላይ እንዳይገናኝ እንደ ጡብ ግንብ አፈራርቁት። መጋጠሚያዎች አንድ ቦታ ከተሰለፉ ያ ቦታ ይሳሳል። ጫፉ ላይ አውታሩ ከሚያርፍበት ጎድጎድ አሳልፋችሁ ወደ ሆዱ እጠፉት፣ በጀርባ ጅማት ጠምጥሙት። ዝርጉ ከክንፉ መሐል መስመር ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ሲደርቅ ክንፉን ይጠመዝዘዋል፤ እርጥብ እያለ በጣት ማቃናት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ ከደረቀ በኋላ ግን የቀናት ነው። ሲያልቅ በፋሻ በቀስታ ጠቅልላችሁ በማግስቱ ፍቱት።

ስንት ንብርብር?

አንድ ንብርብር ሲደርቅ ወደ 1 ሚ.ሜ. ይሆናል፤ የጀርባ መከላከያ ነው። ሁለት ወደ 2 ሚ.ሜ. ይጠጋል፤ ለአብዛኛው አጭር ደጋን ልኩ ነው። ሦስተኛው በጣም ለሚያጥር ብቻ ነው፣ ያውም እንጨቱ ኦሴጅ ወይም ዩው ከሆነ። ጅማቱ ከክንፉ ጠቅላላ ውፍረት ሲሶውን ካለፈ ሆዱ መሸነፍ ይጀምራል፤ ቀጫጭን አግድም መስመሮች ይታዩና ደጋኑ ይዳከማል። ሁለተኛውን ንብርብር የመጀመሪያው ረግቶ ከ3 እስከ 5 ቀን ሲቆይ ጨምሩ።

ትዕግሥት የሚያልቀው በማድረቁ ላይ ነው። አንድ ንብርብር ቢያንስ ወር፣ ሁለት ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈልጋል። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ላዩ ቀድሞ ይኮማተርና በአግድም ይሰነጣጠቃል፣ ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። በእጅ ተነክቶ ደረቅ መምሰሉ ያታልላል። የወጥ ቤት ሚዛን ይበልጥ ይታመናል፤ በሳምንት አንድ ቀን መዝኑና ጻፉት። ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ከ2 ግራም በላይ ካልቀነሰና ቅልባሹም ካልጨመረ ደርሷል። ከዚያ በፊት አውታር ያሰረ ሰው ያገኘውን ቅልባሽ በአንድ ከሰዓት ያጠፋዋል።

ከደረቀ በኋላ የሚስተካከለው ሆዱ ብቻ ነው፤ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት እየፋቁ ጉብጠቱን እኩል ማድረግ። ጅማቱን አትፋቁ።

ለመሸፈኛ ስስ ቫርኒሽ ከሰም ይልቅ እርጥበት ይከላከላል። ነገር ግን ያልደረቀ ጅማት ላይ ከተቀባ ውሃውን ቆልፎ ያስቀረዋል። የእባብ ቆዳ ያምራል፣ መጠነኛ ጥበቃም ይሰጣል። ሥራ ሲያበቃ አውታሩ ይፈታ፤ ደጋኑም ውሻ፣ አይጥና ቆዳ በል ነቀዝ ከማይደርሱበት ቦታ ይሰቀል። ለእነሱ ቋንጣ ነው።

በጊዜ ብዛት ከጫፍ በኩል ጅማቱ ብድግ ካለ ሥሩን በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ አለስልሱት፣ ለጋ ሙጫ በቀጭን ብሩሽ አስገቡ፣ በክር ጠምጥማችሁ ሁለት ሳምንት ተዉት። በኮላ ከተለጠፈ ግን ያን ክፍል ፍቆ እንደገና ከማልበስ በቀር መንገድ የለውም።